የዓመታት ቁጥርና የሥልጠና ይዘት፦ በአፍ፣ በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ ምርጫ ላይ የቀረበ ሂስ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በኩል የሚገኘው ቆሼ ስያሜውን ያገኘው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማው ቆሻሻ ሲደፋበት ከኖረው ቁልል ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቁልሉ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ የሠፈሩ ስም በመላው ዓለም ተሰማ። ከዚሁ ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ይገኛል። በሆስፒታሉና በቁልሉ ዙሪያ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው፣ ከቆሻሻው ላይ ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ችግረኞች፣ ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞችም ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

እንዲህ ባለው የኑሮ ሁኔታ ውስጥ የአፍና የመንጋጋ ሕመም ከዕለት እንጀራ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ሕመሙ እስኪበረታ ድረስ ይታገሡታል፤ ሲብስም በቅርንፉድና በማስታገሻ ኪኒን ያባብሉታል። ከታችኛው የመንጋጋ ጥርስ የተነሣው መግል ከምላስ ሥር አልፎ ወደ አንገት መውረድ ሲጀምር ግን ነገሩ የመተንፈስና ያለመተንፈስ ጉዳይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ተረኛው ሐኪም የመተንፈሻውን መንገድ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ መግሉን ከየትኛው ክፍተት እንደሚያወጣ፣ በሽተኛውን መቼ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደሚልክ በደቂቃዎች ውስጥ መወሰን አለበት። በሽተኛውን የሚያድነው ይህን የሚችል ሐኪም ነው። የሠለጠነበት ዓመት አራት ይሁን ስድስት በሽተኛውን አይገደውም።

ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ለመግባት የሚያመለክት ወጣት የጥርስ ሐኪም ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተፈጥሯዊ ነው፤ ዕድሜ፣ ገንዘብ፣ ትዳርና ቤተሰብ ከዓመታቱ ጋር የተያያዙ ናቸውና። ይሁን እንጂ ጥያቄው ብቻውን ሲቆም አሳሳች ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በተለያየ የጊዜ ርዝመት የሚሰጡትን የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ሥልጠናዎች በማነጻጸር የዓመት ቁጥር ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚደብቅ መመርመር ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ሥልጠናዎች

ይህ ሙያ ከሌሎቹ የቀዶ ሕክምና ዘርፎች የሚለየው በጥርስ ሕክምናና በአጠቃላይ ሕክምና ድንበር ላይ የበቀለ በመሆኑ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ አገር ድንበሩን ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ስቦታል።

በዩናይትድ ስቴትስ ሥልጠናው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከጥርስ ሕክምና ዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የአራት ዓመት ሬዚደንሲ ነው። ሁለተኛው የሕክምና ዶክትሬት ዲግሪን በውስጡ የሚያካትትና በአብዛኛው ስድስት ዓመት የሚፈጅ ነው። ሁለቱም የሚመዘኑት በአንድ የእውቅና ሰጪ ኮሚሽን መስፈርት ሲሆን፣ የሁለቱም ተመራቂዎች ለአንድ ዓይነት የስፔሻሊቲ ቦርድ ፈተና ይቀርባሉ።

በብሪታንያ ወደዚህ ስፔሻሊቲ የሚገባው ሠልጣኝ በጥርስ ሕክምናም በሕክምናም መመረቅ ይጠበቅበታል። ስለሆነም ከመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ቀን አንሥቶ እስከ ስፔሻሊስትነት ያለው ጉዞ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ጀርመን ደግሞ ሙያውን ለሁለት ከፍላዋለች። ሙሉውን የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ለባለ ሁለት ዲግሪ ሐኪሞች ሰጥታ፣ የአፍ ውስጥ ቀዶ ሕክምናን በጥርስ ሕክምና ዲግሪ ብቻ ለሚሠለጥኑ ስፔሻሊስቶች ትታለች። በህንድ የጥርስ ሕክምና ምሩቅ በሦስት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና ስፔሻሊስት ይሆናል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትም የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሙ የሚወጣው ከስቶማቶሎጂ ፋኩልቲ ነበር።

ልዩነቱን በአንድ ሰነድ ላይ አጠቃሎ ለማየት ለሚፈልግ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የሙያ እውቅና መመሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። መመሪያው በሕክምና ዲግሪ ላይ ለተመሠረተ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ቢያንስ 5 ዓመት ይጠይቃል። ሁለቱንም ዲግሪዎች ለያዘ ሠልጣኝ ዝቅተኛው ጊዜ 4 ዓመት ነው። በጥርስ ሕክምና ላይ ለተመሠረተ የአፍ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ደግሞ 3 ዓመት ይበቃል። እነዚህ ቁጥሮች አንዱ ሥልጠና ከሌላው የተሻለ መሆኑን አይናገሩም። ሠልጣኙ ይዞት የመጣው ዕውቀትና ወደፊት እንዲሠራ የሚፈቀድለት ሥራ የተለያየ በመሆኑ ዓመቱም ተለያየ። ቁጥሮቹን ከዚህ ምክንያታቸው ነጥሎ «ሦስት ከአምስት ያንሳል» ብሎ መደምደም ሰነዱን አለማንበብ ነው።

የረጅሙ መንገድ ሂሳብ

ከላይ ከተጠቀሱት ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የአሜሪካው የአራትና የስድስት ዓመት ጉዳይ ነው። ስድስቱን ዓመት የሚመርጡ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ክብደት አለው። የሕክምና ዶክትሬት ያለው ቀዶ ሐኪም የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበትን ሰው ሲያክም ከመሠረታዊ የሕክምና ትምህርት የተገኘ ስፋት ይኖረዋል። ከሌሎች የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ጋር በእኩል ቋንቋ ይነጋገራል። ወደ ካንሰር፣ ወደ ላንቃ ስንጥቅ ወይም ወደ ማይክሮቫስኩላር ቀዶ ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ለመግባትም በሩ ሊሰፋለት ይችላል።

ይሁን እንጂ ሂሳቡን በጥንቃቄ መሥራት ያስፈልጋል። የአሜሪካው መስፈርት በሁለቱም ዓይነት ሥልጠናዎች ሠልጣኙ በራሱ የስፔሻሊቲ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 30 ወር እንዲያሳልፍ ያዝዛል። በስድስቱ ዓመት ውስጥ የተጨመረው ጊዜ አብዛኛው የሕክምና ትምህርት ቤት ጊዜ ነው። አንዳንዶቹ የአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ዓመትም ያክሉበታል። ስለዚህ «ስድስት ዓመት የሠለጠነው መንጋጋን በመቁረጥና በመግጠም በሁለት ዓመት ይበልጣል» የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። የበለጠው በሌላ ነገር ነው፤ ያ ሌላው ነገር የሚጠቅመው መሆን አለመሆኑን ደግሞ አመልካቹ ወደፊት ሊሠራ ካሰበው ሥራ አንጻር መመዘን አለበት።

በተቃራኒው የአራቱ ዓመት ሠልጣኝ «የጥርስ ሐኪም ብቻ» ተደርጎ መታየቱ ፍትሐዊ አይደለም። በዚያው መስፈርት መሠረት እርሱም ቢያንስ አምስት ወር በአንስቴዥያ ክፍል ያሳልፋል፤ በውስጥ ደዌና በሌሎች የቀዶ ሕክምና ክፍሎችም ይሠራል። የሕክምና ዲግሪ ሳይኖረው የሕክምና ልምድ እንዲኖረው የታሰበው በእነዚህ ወራት አማካይነት ነው። ወራቱ በትክክል ከተሠራባቸው የሙያው ክፍተት ይጠባል። ሠልጣኙ በክፍሉ ጥግ ቆሞ የሚመለከት ከሆነ ግን ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የመግቢያው ፈተናም ሂስ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ወደ እነዚህ ሥልጠናዎች ለመግባት በአብዛኛው የሚጠየቀው ለሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀ የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና ነው፤ በርካታ የአራት ዓመት ፕሮግራሞችም ይህንኑ ውጤት ይጠይቃሉ። ፈተናው የአመልካቹን የንባብ ትጋት ይለካል። የእጁን ጥንቃቄ፣ በሌሊት ሲጠሩት የሚኖረውን ትዕግሥት፣ በሽተኛን የማዳመጥ ችሎታውን ግን ሊለካ አይችልም።

የአጭሩ መንገድ ፈተና

ለአጭሩ መንገድ መከራከር ቀላል ነው። ኢትዮጵያን በመሰለች፣ የቀዶ ሐኪም ቁጥር ከሕዝቧ ብዛት ጋር በማይመጣጠንባት አገር፣ ባለሙያው ቶሎ ሠልጥኖ ቶሎ ወደ ሥራ ቢገባ የሚጠላ የለም። ይሁንና አጭሩ መንገድም የራሱ ወጥመድ አለው። የሚመጡትን በሽተኞች ማየት ይህን ለመረዳት ይበቃል።

አሜሎብላስቶማ የተባለውን የመንጋጋ ዕጢ እንውሰድ። ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግና መጀመሪያ ላይ የማያም በመሆኑ ከሕክምና ርቆ የሚኖር ሰው ለዓመታት ተሸክሞት ሊቆይ ይችላል። ትልቁን ዕጢ በመፋቅ ብቻ ማንሣት የመመለስ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጤናማ ከሆነው አጥንት ጋር ተቆርጦ መውጣት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የጎደለውን መንጋጋ በብረት ሰሌዳ ወይም ከዳሌና ከእግር በተወሰደ አጥንት መተካት ያስፈልጋል። ዘመኑን በጥበብ ጥርስ መንቀል ላይ ያሳለፈ ሠልጣኝ ይህን ሥራ በመጽሐፍ ቢያውቀው በእጁ አያውቀውም።

ኖማ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በሽታው የሚያጠቃው በአብዛኛው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተዳከሙና ብዙ ጊዜ ከኩፍኝ ወይም ከሌላ ሕመም ያገገሙ ሕፃናትን ነው። ከድድ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርንና አጥንትን ይበላል። በጊዜው ሕክምና ያላገኙት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ገና ሲጀምር ግን በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ሊገታ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነው።

ከኖማ የተረፈ ሰው መንጋጋው በጠባሳ ተቆልፎ አፉን መክፈት ሊሳነው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀዶ ሕክምና ለማድረግ የመጀመሪያው ችግር ቢላዋው ሳይሆን ማደንዘዣው ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ሊገባ አይችልምና በተጣጣፊ ካሜራ እየታገዘ በአፍንጫ ማስገባት ወይም በአንገት በኩል የመተንፈሻ ቀዳዳ ማበጀት ይጠይቃል። ሠልጣኙ በአንስቴዥያ ክፍል ያሳለፋቸው ወራት ትርጉም የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ወራት ቆርጦ ሥልጠናውን ያሳጠረ ፕሮግራም የቆጠበው ጊዜ በሽተኛው በሚከፍለው ዋጋ የተገኘ ነው።

ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ከባድ የፊት ጉዳት ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን የሚያክሙ የቀዶ ሕክምና ቡድኖችን ለዓመታት ወደ አዲስ አበባ ልኳል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው። ከሩቅ የሚመጣ ቡድን ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ የተተከለው ቆዳ ሲጠብ፣ መንጋጋው እንደገና ሲቆለፍ፣ ሕፃኑ ሲያድግና ፊቱ ሲለወጥ የሚከታተለው በአገር ውስጥ ያለው ሐኪም ነው። የአገር ውስጥ ሥልጠና ርዝመት ሲወሰን ይህ የክትትል ሥራ ከግምት መግባት አለበት።

ከቆሼ ጎን የሚገኘው ትምህርት

ስለ ሥልጠና ርዝመት ለሚጨነቅ ሰው አለርት ራሱ ማስተማሪያ ነው። ማዕከሉ ሲመሠረት ሥልጠና ከስሙ ጋር የተያያዘ ዓላማው ነበር። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ለመጡ ሐኪሞችና የመስክ ጤና ሠራተኞች በሳምንታት የሚቆጠሩ አጫጭር ኮርሶችን ሲሰጥ ኖሯል። አንድ የመስክ ሠራተኛ የደነዘዘ ቆዳን በጥጥ መርምሮ፣ ያበጠ ነርቭን ዳስሶ በሽታውን በጊዜ እንዲለይ ለማስቻል አራት ዓመት አያስፈልግም። የታጠፈ ጣትን በጅማት ዝውውር የሚያቃና ቀዶ ሐኪም ለማፍራት ግን ሳምንታት አይበቁም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሥልጠናዎች ትክክለኛ ሊሆኑ የቻሉት ርዝመታቸው ከሚሠራው ሥራ ስለተቀዳ ነው።

በሥጋ ደዌ ቀዶ ሕክምና የታወቀ አንድ ዘዴ ይህን ይበልጥ ያብራራዋል። በሽታው የፊትን ነርቭ ሲጎዳ ዐይን መጨፈን ያቅተዋል። ሳይጨፈን የሚያድር ዐይን ይደርቃል፤ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ይታወራል። ቀዶ ሐኪሙ ከጆሮ በላይ በራስ ቅል ጎን ካለው፣ መንጋጋን ከሚዘጋው ጡንቻ ከፊሉን ወስዶ ወደ ዐይን ሽፋኖች ያዛውራል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ጥርሱን ሲነክስ ዐይኑ ይጨፈናል። በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታገዘም በየጊዜው ጥርሱን ነከስ እያደረገ ዐይኑን መጠበቅን ይለማመዳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የጥርስ፣ የዐይን፣ የነርቭና የተሐድሶ ሕክምና ድንበር የት ላይ ነው? ጡንቻውን የሚያውቀው የመንጋጋ ሐኪሙ ነው፤ ዐይኑን የሚያውቀው ሌላ ነው፤ ውጤቱን የሚያጸናው ደግሞ ሦስተኛው ነው። አንድ ሰው ሁሉንም ዲግሪዎች ቢሰበስብ እንኳ ብቻውን አይሠራውም። ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠውን ስፋት ከሌሎች ክፍሎች ጋር በየቀኑ አብሮ በመሥራትም በከፊል ማግኘት እንደሚቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሬዚደንቱን ከጥርስ ክሊኒኩ በር ውጭ የማያወጣ ሥልጠና ግን ስድስት ዓመት ቢሆንም ጠባብ ነው።

አመልካቹና አሠልጣኙ ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ወደ ሬዚደንሲ የሚገባው ሐኪም በጤና ሚኒስቴር አማካይነት በሚካሄድ አገር አቀፍ ምርጫና ምደባ ውስጥ ያልፋል። ወደ ውጭ አገር የሚያማትረው ደግሞ ከላይ በተዘረዘሩት የተለያዩ መንገዶች ፊት ይቆማል። ሁለቱም ከዓመት ቁጥር አልፈው ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከጠቅላላው ጊዜ ውስጥ በስፔሻሊቲው ክፍል የሚያልፈው ስንት ወር ነው? በአንስቴዥያ፣ በጽኑ ሕሙማንና በአጠቃላይ ቀዶ ሕክምናስ? ሁለተኛ፣ ሬዚደንቱ ከመመረቁ በፊት ስብራትን፣ ዕጢን፣ የላንቃ ስንጥቅንና የተቆለፈ መንጋጋን በዋና ቀዶ ሐኪምነት ስንት ጊዜ ይሠራል? ስንቱንስ በረዳትነት ብቻ ያያል? ሦስተኛ፣ በሌሊት ተረኛ ሲሆን ከጎኑ የሚቆም ሲኒየር ሐኪም አለ ወይ? አራተኛ፣ ቀዶ ያደረገላቸውን በሽተኞች ከወራት በኋላ መልሶ ያያቸዋል ወይ? አምስተኛ፣ የሚያገኘው ማስረጃ ሊሠራበት ባሰበው አገር ምን እንዲሠራ ይፈቅድለታል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሦስት ዓመት የሠለጠነው፣ በአራት የሠለጠነውና ሁለት ዲግሪ ይዞ የመጣው ባለሙያ በአንድ የሙያ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ሕዝቡም ልዩነታቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለሆነም ልዩነቱን የማወቅ ኃላፊነት በአሠልጣኝ ተቋማትና በሙያ ፈቃድ ሰጪው ላይ ይወድቃል። ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚገባውም ቀላል ነገር ነው፤ እያንዳንዱ የሥልጠና ተቋም የወራት ክፍፍሉንና ሬዚደንቶቹ የሚሠሯቸውን የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችና ብዛት በየዓመቱ ለአመልካቾች ይፋ ቢያደርግ፣ አመልካቹ በስሚ ስሚ ከመምረጥ ይድናል። ተቋሙም የጎደለውን ለመሙላት ይገደዳል።

ረጅሙን የውጭ አገር መንገድ የሚመርጠው ሐኪም ሌላም ነገር ማሰብ ይኖርበታል። ስድስት ዓመት በባዕድ አገር የሠለጠነ ሰው ቤት ይሠራል፤ ልጅ ይወልዳል፤ ዕዳ ይገባል። የለመደው መሣሪያና የለመደው በሽተኛም ሌላ ነው። መመለስ አይችልም ማለት አይደለም፤ የመመለሱ ዋጋ ግን በየዓመቱ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ወጣቱን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን የአገር ውስጡ ሥልጠና በይዘቱ ጠንካራ ሆኖ ካልጠበቀው ምርጫው አስቀድሞ እንደተወሰነ መታወቅ አለበት።

ማጠቃለያ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ብዙውን ጊዜ ስለ ትዕግሥት ይነገራል። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን ሲታቀፍ ነው፤ ያለ ሙቀት የተቀመጠ እንቁላል ቀኑ በረዘመ ቁጥር ይበላሻል። ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ያለ በቂ በሽተኛ፣ ያለ በቂ ክትትልና ያለ ኃላፊነት የሚያልፍ ዓመት ሐኪሙን ያስረጀዋል እንጂ አያበስለውም። ቀኑ ሳይሞላ የተሰበረም እንቁላል ጫጩት አይሆንም።

ስለዚህ የአራቱን ዓመት ፕሮግራም ከስድስቱ፣ የሦስቱንም ከአምስቱ ጋር ለማወዳደር የሚነሣ አመልካች የመጨረሻውን ሥራውን አስቀድሞ በዐይነ ኅሊናው ቢያይ መልካም ነው። የግል ክሊኒክ ከፍቶ የጥበብ ጥርስ ሊነቅልና ተተኪ ጥርስ ሊተክል ለሚያስብ አጭሩ መንገድ ሊበቃው ይችላል። አንገቱ አብጦ፣ መተንፈስ ተስኖት፣ በሌሊት ከቆሼ በሰው ትከሻ ተደግፎ የሚመጣውን ሰው ለመቀበል የሚያስብ ግን ዓመቱን ትቶ ወራቱን ይቁጠር፤ ከወራቱም ውስጥ በራሱ እጅና በራሱ ኃላፊነት የሚሠራባቸውን።